ሊንክ ሲላክለት ጫማውን የሚያደርግ ሰው

የቡድን ሥራ የሚባል ነገር በዓለም ላይ እስካለ ድረስ፣ ሊንክ ሲላክለት ጫማውን የሚያደርግ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው ሊንክ ሲደርሰው ይከፍተዋል። አንዳንዱ ደግሞ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ ስለ እሱ ስንፍና የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ይኼኛው ግን ሰነፍ አይደለም። ሊንኩን ያያል፣ ስልኩን ኪሱ ይከታል፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል፣ ከዚያ ስልኩን መልሶ ያወጣና «የት ነሽ?» ብሎ ይደውላል።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ኢሜይል ሲደርሰው «ደርሶኛል» ለማለት ደረጃ ወጥቶ ቢሮአችሁ የሚመጣው ባልደረባችሁ የዚሁ ወገን ነው። የላካችሁለትን ፎቶ በገዛ ስልካችሁ እንድታሳዩት ቤታችሁ ድረስ የሚመጣው አጎታችሁም እንዲሁ። የእኔው ግን የሁሉም አለቃ ነበር። ሙሉ ማዕረጉ ክቡር ልምጣ ይባላል። ወላጆቹ ያወጡለት ደህና ስም ነበረው፤ በተማሪነታችን ዘመን ግን ማንም በዚያ ስም ጠርቶት አያውቅም። «የት ነሽ?» ካለ ቀጥሎ «ልምጣ?» ማለቱ አይቀርምና ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ጥያቄ ይምሰል እንጂ ጥያቄ አልነበረም። እናንተ መልስ ስታስቡ እሱ መንገድ ላይ ነው።

ዛሬ ስለ እሱ የምጽፈው ስለናፈቀኝ ነው። ናፍቆቴን ከማውራቴ በፊት ግን ይህ ጠባዩ ከምርቃት ሊያስቀረው ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር ልንገራችሁ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ነበርን። መምህራችን ለመመረቂያ ጥናት በቡድን በቡድን ደለደሉን፤ ኢንተርኔት ላይ የጋራ ሰነድ ከፈቱልንና እዚያው ላይ እንድንጽፍ አዘዙን። ከተማው ሰፊ ነው፣ አውቶቡሱም የሚጨበጥ አይደለም፣ ከእንግዲህ ለቡድን ሥራ ብሎ የሚንከራተት ተማሪ ማየት አልፈልግም አሉ። ሁሉም ባለበት ሆኖ ይጽፋል። አንዱ የጻፈውን ሌላው እዚያው ያየዋል። ያልጣመው ነገር ካለ ደግሞ በጎን በኩል አስተያየቱን ያሰፍራል። እውነቱን ለመናገር ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

ከልምጣና ከእኔ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩን። አንደኛዋን ፈጣኗ እንላታለን፤ ጣቶቿ ከሐሳቧ ቀድመው ይጽፋሉ፣ ሐሳቧ ሲደርስ ደግሞ ያጠፋዋል። ሌላው ዝምተኛው ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ድምፁን የሰማነው ስሙ ተጠርቶ «አቤት» ሲል ብቻ ነበር። ለእሱ ይህ የጋራ ሰነድ ሲጸልይለት የኖረው ነገር ነው። ፊት ሳያይ፣ እጅ ሳይጨብጥ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል።

ሰነዱ ለእያንዳንዳችን ቀለም ሰጠን። እኔ አረንጓዴ፣ ፈጣኗ ሮዝ፣ ዝምተኛው ሰማያዊ። ክቡር ልምጣ ብርቱካንማ ደረሰው። በመጀመሪያው ቀን ሦስታችን ስንጽፍ ብርቱካንማዋ ጠቋሚ ብቅ አለች። ርዕሱ ላይ ቆማ ብልጭ ድርግም እያለች ጥቂት አሰበች። ከዚያ «የ» የምትል አንዲት ፊደል ጻፈችና ጠፋች። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«የት ነሽ?»

«ቤት ነኝ። ምነው?»

«መግቢያውን ልንጽፍ ነዋ። ልምጣ?»

የዚህ ነገር ትልቁ ጥቅም መምጣት አለማስፈለጉ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳሁት። እኔ ቤቴ፣ እሱ ቤቱ፣ ጽሑፉ ሁለታችንም ጋ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ሲያዳምጥ ደግሞ ከልቡ ነው፤ ጉሮሮውን እንኳ አይጠርግም።

«ገባኝ» አለ። «ታዲያ በስንት ሰዓት ልምጣ?»

መጣ። አውቶቡስ ቀይሮ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መጣ። ከእኔ በፊት እናቴ ጋ ገባ። ጉልበቷን እንዴት እንደሆነች ጠየቃት፤ እሷም ለእኔ ያልነገረችኝን ሁሉ ዘረገፈችለት። ከዚያ ከኩሽና አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ጣቱን የኮምፒውተሬ መስታወት ላይ አሳረፈ። ክቡርነታቸው ያለ ጣት ማንበብ አይችሉም። ሲሄድ መስታወቱ በአሻራው ተዥጎርጉሮ ነበር፤ እኔም በሸሚዜ ጫፍ እየወለወልኩ ተነጫነጭኩ።

አሠራሩ ይህ ነበር። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ «እስቲ ድምፅሽን ልስማው» ይላል፣ አነብለታለሁ። ፊቱን ካኮሳተረ ዓረፍተ ነገሩ አልቆለታል። ካላመንኩት ደግሞ ይግባኙ እናቴ ጋ ነው። አንድ ቀን በኩራት የጻፍኩትን ለእሷ አስነበበኝ። የተሳፋሪዎች የመጠበቅ ባሕርይ ከአገልግሎት አሰጣጡ ወጥነት ማጣት ጋር ቀጥተኛ ትስስር እንዳለው የሚያትት ነው። ጥናታችን ሰዎች ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ ምን እንደሚያደርጉና ለምን እንደሚያደርጉት ነበርና።

እናቴ ሽንኩርት መላጧን አቁማ «ሰዎቹ ምን ሆኑ?» አለች።

«አውቶቡሱ መቼ እንደሚመጣ አያውቁማ፣ እማዬ» አላት ልምጣ። «ስለዚህ ከቆሙበት ንቅንቅ ማለት ይፈራሉ። ውሃ እንኳ ጠጥተው አይመለሱም።»

«እንደሱ አትይም ታዲያ?» አለችኝ፤ ለልምጣ ሳይሆን ለእኔ ተቆጥታ። እኔም ኩም ብዬ እንደሱ ጻፍኩ። ያ ዓረፍተ ነገር ሰነዱ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ተመዘገበ።

አንድ ነገር ግን ቀስ በቀስ እየታየን መጣ። ይህ ሰው ወደ ሦስታችን ቤት ሲመላለስ በየፌርማታው ይቆማል። ሲቆም ደግሞ አፉን ይዞ አይቆምም። ድንጋይ አስቀምጦ ተራ የሚይዘውን ሽማግሌ ያወቀው እዚያ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ፊት ሲገፋ ሰዎች «አባት ቀረቡ» ብለው ይጠሩታል። አውቶቡስ ስትጠብቅ ሹራብ የምትሠራውን ነርስም ያገኛት እዚያው ነው፤ የልጇ ሹራብ አንድ እጅጌው ከሌላው ይረዝማል፣ ለምን ቢላት ያኛውን ስሠራ አውቶቡሱ በጣም ዘግይቶ ነው አለችው። ቤቴ ደርሶ ሲነግረኝ እጽፋለሁ፣ ለፈጣኗ ሲነግራት ትጽፋለች። መጠይቃችን ሊያገኛቸው ያልቻለውን ሰዎች ሁሉ ልምጣ በእግሩ እየሄደ ያመጣቸው ነበር። እነርሱም አረንጓዴ፣ ሮዝና ሰማያዊ ሆነው ይመዘገቡ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ ፈጣኗና ዝምተኛው ተጣሉ። ጠባቸው የተጀመረው በሰነዱ ጎን ላይ ነው። እሱ «ይህ አንቀጽ ይውጣ» ብሎ ጻፈ። እሷ «ለምን?» አለች። «ስለማያስፈልግ» አለ። እሷም የእሱ ሠንጠረዥ ማን ፈልጎት እንደገባ ጠየቀች። ሰው ፊት ለፊት ቢሆን ፈገግ ብሎ የሚያልፈው ነገር እዚያ እየከረረ ሄደ። በማግሥቱ ስከፍተው ዝምተኛው «እርስዎ» እያላት ነበር። እሷም መልሳ «እርስዎ» ብላዋለች። ያን ጊዜ ነገሩ እንዳበቃለት ገባኝ። እኩያሞች ተኮራርፈው አንቱ ከተባባሉ ሽማግሌ ያስፈልጋል።

ልምጣ የሰማው ከእኔ ነው። አስተያየት ልጻፍበት አላለም። ፈጣኗን ከቤቷ አውጥቶ፣ አውቶቡስ አሳፍሮ፣ ዝምተኛው የተከራያት ክፍል በር ላይ አደረሳት። እኔንም በመንገዱ ለቀመኝ። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና የመጻሕፍት ክምር ብቻ ነበር። ሦስታችን አልጋው ጫፍ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ ባለቤቱ የሚገባበት አጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«የጻፍከውን እስቲ በአፍህ በላት» አለው ልምጣ።

ዝምተኛው አፉን ከፈተ። ፈጣኗን አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «እርስዎ ያቀረቡት...» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው፤ ሳቁ አፈነው። ያ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ፈጣኗ ትራሱን ወረወረችበት። አንቀጹም ቀረ፣ ሠንጠረዡም ቀረ፣ ሻይ ተፈላ። ብርጭቆው ሁለት ብቻ ስለነበር በየተራ ጠጣን።

ጥናቱ አለቀ። ግሩም ሆነ። ታዲያ ማስረከቢያው አልፎ ውጤት ስንጠብቅ መምህራችን ቢሮአቸው ጠሩን። ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚሰጡት ነጥብ በድርሻው መጠን እንደሆነ ነገሩን። ሰነዱ ማን ምን እንደጻፈ፣ መቼ እንደጻፈ፣ ምን እንዳጠፋ አንድ በአንድ መዝግቦ ይይዛል። ኮምፒውተራቸውን ወደ እኛ አዞሩት። ገጹ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ፣ ሮዝና ሰማያዊ ነው። ብርቱካንማ የሚባል ነገር ያለው ርዕሱ ላይ ነበር። አንዲት ፊደል።

«የ» አሉ መምህሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። «ለዚህ ምን ልስጠው?»

እንደ እሳቸው አያያዝ ልምጣ ነጥብ የለውም፤ ነጥብ ከሌለው ከእኛ ጋር አይመረቅም። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ደግሞ ምርቃቱን ልታይ ከሥራ ቦታዋ ፈቃድ ወስዳለች፤ ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፣ በየቤታችን እየመጣ ነግሮናልና። ልምጣን ግን ኮሪደሩ ላይ ስንይዘው ትከሻውን ነቀነቀ። «ልክ ናቸው፤ አልጻፍኩማ» አለ። የዚያን ቀን ማናችንንም ልምጣ ሳይል ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። አንጀቴን በላው።

እኛ የተማርን ሰዎች አይደለን? ያደረግነውን ልንገራችሁ። ፈጣኗ ለመምህሩ ረዥም ኢሜይል ጻፈች። እኔ ኢሜይሏን አረምኩ። ዝምተኛው ሰነዱ ላይ፣ በአስተያየት መስጫው በኩል፣ የልምጣን ድርሻ የሚያስረዳ ነገር አሰፈረ። መምህሩም እዚያው በጎን በኩል «ማስረጃ?» ብለው መለሱ። ሦስታችን በየቤታችን ተቀምጠን ያቺን ቃል ስናያት ዋልን። ምን ማስረጃ እንሰጣለን? ሰው አጠገባችን ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደነበር የሚመዘግብ ነገር ማን ሠርቶ ያውቃል?

ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ድምፅ ነበር።

«የት ነሽ?»

ዝምተኛው ነው። ደውሎልኝ አያውቅም፤ እንኳን ለእኔ ለማንም የሚደውል ሰው አይደለም።

«ቤት ነኝ» አልኩት።

«ልምጣ?»

እንዲህ ሆነ። ዝምተኛው እኔ ጋ መጣ፣ ሁለታችን ፈጣኗ ጋ ሄድን፣ ሦስታችን ልምጣን ከቤቱ አወጣነው። መምህሩ በር ላይ ስንደርስ ለምሳ ሊወጡ ነበር። አራታችንንም አዩንና «ያላችሁን በኢሜይል ላኩልኝ» አሉ።

«የምንልከው ነገር የለም፣ ቲቸር» አለ ዝምተኛው። «ለዚህ ነው የመጣነው።»

መምህሩም ያንን ሰው ሲናገር ሰምተው አያውቁ ኖሮ መልሰው ተቀመጡ። በኮምፒውተራቸው ሰነዱን ከፈትንና አንድ በአንድ እያነበብን ነገርናቸው። ይህች ዓረፍተ ነገር እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ የወጣች ናት። ይህች እዚህ የተቋረጠችው እሱ ወንበሩ ተወላግዶበት ሊወድቅ ሲል ነው። ይህ አንቀጽ ሊወጣ ነበር፣ ሻይ አዳነው። ልምጣ ወለሉን እያየ ቆሟል። መምህሩ እስከ መጨረሻው ሰሙንና ኮምፒውተሩን ከደኑት።

«እስቲ አንተ ንገረኝ» አሉት። «ሰዎች አውቶቡስ ሲጠብቁ ምን ያደርጋሉ?»

ነገራቸው። ያለ ወረቀት፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው ነገራቸው። የሽማግሌውን ድንጋይ ነገራቸው። የነርሷን ሹራብ ሲነግራቸው በራሱ እጅጌ እየለካ አሳያቸው። መምህሩ ምሳቸውን ረሱት። በመጨረሻም፣ እሳቸውም ፌርማታ ላይ ሲቆሙ ሁልጊዜ ከአንዱ ምሰሶ አጠገብ እንደሚቆሙና ለምን እንደሆነ እንደማያውቁ ነገሩት።

«ቦታዎን የሚያውቅልዎት ነገር ፈልገው ነዋ» አላቸው።

ነጥቡን ሰጡት። እንደ እኛ አይደለም፤ በመሣሪያው መጠቀም የትምህርቱ አንዱ ዓላማ ነውና ከዚያ ላይ ቀነሱበት። በዚያ ላይ አንድ አንቀጽ በራሱ እጅ፣ በራሱ ቀለም ጽፎ እንዲያስገባ አዘዙት። ያንን አንቀጽ የትም ሆኖ መጻፍ ይችል ነበር። ክቡር ልምጣ አውቶቡስ ቀይሮ እኛ ቤት መጥቶ፣ ያንኑ ወንበር ስቦ፣ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጻፈው። ለእናቴ አነበበላት። ተመረቀ፤ እህቱም አየችው።

ከዚያ በኋላ ያው እንደምታውቁት ነው። እሱ ሥራ ያገኘው ሌላ ከተማ ነው፣ ሩቅ። መጀመሪያ ላይ እንደዋወል ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን የውሃ ሽታ ሆንን። እኔ አሁን የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሁሉም ነገር የጋራ ሰነድ ላይ ነው። ማንም ማንንም አይረብሽም። አንዲት ወይን ጠጅ ቀለም ያላት ባልደረባ አለችኝ፤ ጽሑፌን አንጀት በሚያርስ ትሕትና ታርማለች። ስንት ጊዜ አብረን ሠርተናል። ባለፈው ሳምንት ሊፍት ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ሰላምም ሳንባባል ወረድን። በኋላ፣ ከደረት መታወቂያዋ ላይ ያነበብኩት ስም ትዝ ሲለኝ ያቺው ባለ ወይን ጠጅ ቀለሟ መሆኗን አወቅሁ። ቢሮዋ ከእኔ ግድግዳ ማዶ ነው።

ያን ቀን ቤት ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት መስታወቱ ንጹሕ ነው። አንድም አሻራ የለበትም። ይህን ያህል ጊዜ ስነጫነጭበት የኖርኩት ነገር ነበር፤ ንጹሕነቱ ግን አስከፋኝ። የምጽፈውን ጮክ ብዬ ሳነብ ራሴን ያዝኩ። እናቴ ከኩሽና «ማን አለ?» አለች። ማንም የለም አልኳት።

«ያ ልጅ ምነው ጠፋ?» አለች። በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። ወንበሩን አናጢ እንዲያስተካክለው ብላት እምቢ ብላለች፤ የሚቀመጥበት ሰው ለምዶታል ትላለች። እኔም ለሰው የማልናገረውን ለእናንተ ልናገር፦ ናፍቆኛል። ሥራው ሳይሆን ሰውየው። በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ማወቅ ናፍቆኛል። ዓረፍተ ነገሬ ሲበላሽ ፊቱን የሚያኮሳትርልኝ ሰው ናፍቆኛል። በሊንክ የሚመለስ ናፍቆት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ስንቴ በተመለሰ።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ሳነበው ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በጋራ ሰነድ ላይ አደረግሁትና «እስቲ እየው፣ የቀረ ነገር ካለ ሙላበት» ብዬ ሊንኩን ላክሁለት። ስልኬን አጠገቤ አድርጌ፣ አንድም ሥራ ሳልሠራ ጠበቅሁ። በነርሷ ሹራብ ብለካው ግማሽ እጅጌ ይወጣዋል።

ብርቱካንማዋ ጠቋሚ ብቅ አለች። ርዕሱ ላይ ቆመች፣ ብልጭ ድርግም አለች፣ ምንም ሳትጽፍ ጠፋች። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«የት ነሽ?»

በመሀላችን ቀን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ አለ። ድሮ ቢሆን የዚህን ነገር ጥቅም በትዕግሥት አስረዳው ነበር። አሁን ግን በእጄ እናቴን ጠቀስኳትና ወንበሩን አሳየኋት።

«ቤት ነኝ» አልኩት። «በስንት ሰዓት ትደርሳለህ?»